ናሙና አርባ አንድ

«መርፌውንማ ትቼዋለሁ» ስትል ሰማቻት። ሚጢ በጠባቡ መተላለፊያ ጎንበስ ብላ የጫማዋን ማሰሪያ እያሰረች ነበር፤ አንዱን ጨርሳ ወደ ሌላው ልትሻገር ስትል ነው የእህቷ ድምፅ ገርበብ ባለው በር ሾልኮ የመጣው። ከበሩ ወዲያ፣ የስፌት መኪናው በቆመበት ክፍል፣ ታላቅ እህቷ ከላይኛው ፎቅ ለሚኖሩት ለጡረተኛዋ መምህርት የቀሚስ ጠርዝ እየለካች ነው። በከንፈሯ ስፒል ስለያዘች ቃላቱ እየተቆራረጡ ይወጣሉ፤ ቢሆንም ጆሮ ያለው ሰው አይስታቸውም። ሦስተኛውን ዘልዬዋለሁ፣ የነገውንም አልሄድም፣ አለች። ታናሽ እህቴ እዚያ ቤተ ሙከራ የራሴን ሥጋ ይዛ ልክክ የሚልልኝን መድኃኒት እየፈለገችልኝ ነው። ልብስ እንኳ ሳይለካ አይቆረጥም፤ እኔ ምን ቆርጦኝ ነው ከመደርደሪያ ለሁሉም የሚወርደውን የምወጋው? መምህርቷም እውነትሽን ነው፣ የተማረ ሰው ያለበት ቤት እኮ ይለያል አሉ። የሚጢ እጅ ማሰሪያው ላይ እንዳለ ቀረ።

ሰው ሲያሙት ከሰማ በሩን በርግዶ ይገባል። ሲያመሰግኑት ሰምቶ፣ ምስጋናው ግን የአመስጋኙን ነፍስ እየበላ እንደሆነ ያወቀ ሰው ምን እንደሚያደርግ ለሚጢ የነገራት የለም። መግባት ነበረባት። ገብታ «እትዬ፣ እንዲህ አይደለም» ማለት ነበረባት። እሷ ግን አንደኛው ጫማዋ እንዳልታሰረ በጣቷ ጫፍ እየረገጠች የውጭውን በር ቀስ ብላ ከፍታ ወጣች። ክፉ ሰው አይደለችም፤ የሚያውቋት ሁሉ ይመሰክሩላታል። ፈሪ ግን ናት፣ ፈሪ ደግሞ ክፉ ከሚሠራው ያልተናነሰ ይሠራል። ደረጃውን ስትወርድ ያለፉትን ሳምንታት አሰበች። ከመጀመሪያዎቹ ሁለት መርፌዎች በኋላ ሦስት ሦስት ቀን ሙሉ ባልዲ ከእትዬ አልጋ ሥር አልጠፋም ነበር። በሦስተኛው ጊዜ ባልዲው መታጠቢያ ቤት ጥግ እንደተደፋ ከረመ፤ እትዬም «ሄጄ መጣሁ፣ ዛሬስ ቀሎኛል» አለቻት። ሚጢ ሰውነቷ ለመደው ብላ ደስ አላት። ቀኑን ሙሉ ሴል ስትቆጥር የምትውል ሰው አንድ ባልዲ ማየት አቃታት። ወይም አይታዋለች፤ ማመን የሚመቸውን አመነች እንጂ።

አውቶቡሱ እንደወትሮው ጢም ብሎ ሞልቷል። ብረቱን ይዛ ቆመች፤ ከፊቷ የተቀመጠ ሰውዬ በስልኩ ስለ አንድ የተበላሸ ማቀዝቀዣ ሲጨቃጨቅ መንገዱን ሁሉ አገባደደው። እሷ በሐሳቧ ያለችው ከሦስት ወር በፊት፣ ለቀዶ ጥገናው ዋዜማ፣ እትዬ በተኛችበት ክፍል ነው። የእንቁልጢ፣ ማለትም የእንቁላል ማምረቻዋ፣ ካንሰር ነው ተብሎ በማግስቱ ዕጢው ሊወጣላት ነበር። ከሚወጣው ዕጢ ቁራሽ ለምርምር የሚወሰደው በሽተኛዋ ስትስማማ ብቻ ነው፤ ስምምነቱም ባለ አራት ገጽ ወረቀት አለው። ደንቡ ግልጽ ነው። ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አንብባ የምታስፈርመው የክፍሉ ነርስ ናት፤ የቤተ ሙከራ ሰው አያስፈርምም፣ ዘመድማ ጭራሽ። የዚያን ዕለት ነርሷ ሥራ በዝቶባት ነበር፤ የቤተ ሙከራው ኃላፊ ደግሞ ናሙና አነሰን፣ በዚህ ዓይነት የዓመቱ ሥራ ፍሬ አልባ ሊሆን ነው እያሉ ሲጨነቁ ሰንብተዋል። ሚጢ «እኔ አስፈርማታለሁ፣ እህቴ አይደለች» አለች፤ ነርሷም ተገላገልኩ ብላ ሰጠቻት። እትዬ ብዕሩን ይዛ አየቻትና «ይሄ ለእኔው ነው አይደል?» አለች። ሚጢ ምን አለች? «ያንቺንማ እኔው ራሴ ነኝ የምሠራው፣ እትዬ» አለች። ውሸት አይደለም። እውነትም አይደለም። እናታቸው ከሞተች ጀምሮ የሚጢን የትምህርት ቤት ወረቀት ሁሉ ስትፈርም የኖረች እጅ ናት፤ አንደኛውን፣ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን ገጽ ገልጣ ሳታይ አራተኛው ላይ ፈረመች። ከዚያ ወዲህ እራት ላይ «ምን ደረሳችሁ?» ስትላት ሚጢ «እየሠራንበት ነው» ትላለች፤ እትዬም ጎሽ ብላ ሥጋውን ከራሷ ሳህን ወደ እሷ ትገፋላታለች።

ቤተ ሙከራው ከሆስፒታሉ ጀርባ ባለው ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። የማቀዝቀዣዎቹ ጉምጉምታ ቀን ከሌት አያባራም፤ ክፍሉ አልኮል አልኮል ይሸታል፤ መስኮቶቹ አይከፈቱም። ሚጢ እዚያ ገብታ ነጭ ካፖርቷን ስትደርብ ሌላ ሰው ትሆናለች፤ እጇ የማይንቀጠቀጥ፣ ዓይኗ የማይሰለች። በበረዶ ሳጥን የሚመጣላትን ዕጢ በስለት አድቅቃ፣ በሚያላላ ፈሳሽ አላልታ፣ በወንፊት አጥልላ እያንዳንዱን ሴል ከጓደኛው ትለያለች። ከዚያ የሚያበራ ቀለም ታስነካቸዋለች፤ ቀለሙ የሚይዘው በገላቸው ላይ የተወሰነ ምልክት ያላቸውን ብቻ ነው። ማሽኑ ሴሎቹን አንድ በአንድ በጨረር ፊት ያሳልፍና ሁለት ዓይነት ቀለም የያዙትን ለብቻ ይለቅማቸዋል። ከመቶ አንድ ወይም ሁለት ቢገኙ ነው። የካንሰር ግንድ ሴሎች ይሏቸዋል፤ በቤተ ሙከራው ግን ስማቸው «እልኸኞቹ» ነው። መድኃኒቱ ሌላውን ሲጨርስ እነሱ አድፍጠው ይቆዩና ጊዜ ሲያገኙ ዕጢውን እንደ አዲስ ያበቅሉታል። ኃላፊዋ ጠዋት ጠዋት ገብተው «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ማለት ይወዳሉ፤ ሃያ ዓመት ሙሉ ያን ሥር ሲፈልጉ ጸጉራቸው ሸብቷል። እነዚህን እልኸኞች በምልክታቸው መለየት ከተቻለ አንድ ቀን እነሱን የሚገድል መድኃኒት ይሠራል ብለው ያምናሉ። አንድ ቀን፣ ማለት መቼ እንደሆነ ግን የሚያውቅ የለም።

ናሙናዎቹ ስም የላቸውም፣ ቁጥር ብቻ ነው ያላቸው። ስሙ ተቆልፎ በሚቀመጥ መዝገብ ውስጥ ነው፤ ሠራተኛው የማንን ሥጋ እንደያዘ እንዳያውቅ። አርባ አንድን ግን ሚጢ ታውቃለች፤ የበረዶ ሳጥኑን ከቀዶ ጥገና ክፍል በር ተቀብላ ቁጥሩን የለጠፈችው ራሷ ናት። እንደ አርባ አንድ የበቀለ ናሙና በቤተ ሙከራው ታይቶ አይታወቅም። ኃላፊዋ ከእሱ የተለቀሙትን እልኸኞች ከቀሩት ሴሎች ጋር ቀላቅለው ጎድጓዳ ክፍሎች ባሉት ሳህን ላይ እንድትዘራ አዘዋት ነበር። አንዱ ክፍል ምንም መድኃኒት አይነካውም። ሌላው መድኃኒቱን ስድስት ዙር እስከ መጨረሻው ያገኛል። ሦስተኛው ሁለት ዙር ብቻ አግኝቶ ይቆማል፤ ሕክምናውን መንገድ ላይ የሚተዉ ብዙ ስለሆኑ ምን እንደሚደርስባቸው ማየት ፈልገው ነው። የመጨረሻው ቆጠራ የዛሬ ነበር። በማይክሮስኮፑ መጀመሪያ ያየችው ስድስቱን ዙር የጨረሰውን ነው፤ ጥቂት ብቻ ቀርተዋል፣ እነሱም የተኮማተሩ። ከዚያ ሦስተኛውን አስገባች። ባለፈው ሳምንት ባዶ ሊሆን ምንም ያልቀረው ክፍል ነበር። አሁን በየቦታው እንደ ወይን ዘለላ ተጠጋግተው፣ ክብ ክብ ሠርተው ሞልተውታል። ሁለት ጊዜ ተወግቶ የቆመ። ቆጠረች። ድጋሚ ቆጠረች። ሦስተኛ ጊዜ ስትቆጥር ቁጥሩ ሳይሆን የእህቷ ሆድ ነው የታያት፤ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፍታ ወደ እጅ መታጠቢያው ሄደችና ያለ ምክንያት እጇን ታጠበች።

ኃላፊዋ መጥተው በማይክሮስኮፑ አጎንብሰው ሲያዩ ፊታቸው በራ። ይኸው፣ ይኸው፣ ብለው ትከሻዋን መታ መታ አደረጓት፤ እንዲህ ያለ ጥርት ያለ ነገር ለማየት ስንት ዓመት ጠበቅን አሉ። ሚጢ የናሙናው ባለቤቶች ቢጠይቁ ውጤቱ ይነገራቸው እንደሆነ ጠየቀቻቸው። ኃላፊዋ ገርሟቸው ቀና አሉ። ምን ብለን እንነግራቸዋለን፣ ሳህን ላይ የበቀለ ነገር የማንንም ሕክምና አይቀይርም፣ ለልጅ ልጆቻቸው ምናልባት እንጂ ለእነሱ የሚደርስ ነገር የለም፣ ይሄ ደግሞ ሦስተኛው ገጽ ላይ በደማቁ ተጽፏል አሉ። ቀጥለውም «ተነቦላቸው አይደል እንዴ የሚፈርሙት?» አሉ። ሚጢ አዎ አለች። የዛሬዋ ሁለተኛ ኃጢአት መሆኗ ነው፤ ፀሐይ ገና ሽቅብ እየወጣች ነበር።

በምሳ ሰዓት ደረጃው ላይ ቆማ መርፌው፣ ኬሞው፣ ወደሚሰጥበት ክፍል ደወለች። ያነሳችው ነርስ መዝገቡን ገለጥ ገለጥ አድርጋ አገኘቻት። ሁለት ጊዜ ደውለንላት ነበር፣ «እህቴ እስክትነግረኝ» ትላለች፤ እኛም እህቷ ሐኪም ናት ብለን ሌላ ቦታ ልትታከም ይሆናል አልን፣ አለች። አንዱን መዝለል የዓለም ፍጻሜ አይደለም፤ ሁለተኛ ከደገመች ግን ሐኪሙ የጀመሩት ነገር ሁሉ ይበላሻል፤ ነገ ጠዋት ትምጣና ደሟ ታይቶ ትወጋ፤ ካልመጣች አልጋው ለሌላ ነው። ሚጢ አመስግና ዘጋች። አልቅሳ ቢሆን ይወጣላት ነበር፤ እንባው ግን እምቢ አላት። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለእሷ ነው፤ አርባ ሁለተኛ ናሙና መሰብሰብ ይቻላል፣ ሁለተኛ እትዬ ግን የለችም።

ከሰዓት በኋላ ፈቃድ ጠይቃ ወጣች። ከመውጣቷ በፊት ከመሳቢያው ያልተፈረመ የስምምነት ወረቀት አንድ ቅጂ አንስታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፤ ለምን እንደሆነ ገና አልወሰነችም። በመንገድ ላይ ግን ሌላ ሐሳብ መጣላት፣ እንዲያውም እየቆየ የተሻለ መሰላት። «ውጤቱ ወጣ» ትላታለች። «ልክሽ ያው የጀመርሽው መርፌ ነው» ትላታለች። እትዬ ነገ ትሄዳለች፤ ማንም አይጎዳም፤ እህትማማችነታቸውም እንደነበረ ይቆያል። ውሸት ነው፤ ግን ሰውን ወደ ሐኪም የሚወስድ ውሸት ከማይወስድ እውነት አይሻልም? እንዲህ እያለች ራሷን አሳመነች። የተማረ ሰው ራሱን ለማሳመን ብዙ አይቸገርም።

እትዬ በሩን ከፍታ ስታያት ደነገጠች፤ በዚህ ሰዓት ምን ሆነሽ መጣሽ አለች። ክፍሉ እንደወትሮው ነው። የተቆራረጠ ጨርቅ መሬቱን ሞልቶታል፣ ከማሽኑ ጎን የቀዘቀዘ ሻይ አለ፣ የመምህርቷ ቀሚስ ጠርዙ ተሰክቶ ወንበር ላይ ተንጠልጥሏል። እትዬ ሻሿን አስተካክላ ወደ መቀመጫዋ ተመለሰች፤ ከስታለች፣ እጆቿ ግን የድሮዎቹ ናቸው። ሚጢ ቦርሳዋን እንኳ ሳታወርድ «ውጤቱ ወጣ» አለች። ቀሪውንም ባሰበችው መሠረት ተናገረችው፤ ተንተባተበች እንጂ ጨረሰችው። እትዬ መቀሱን አስቀመጠች። ሁለቱን እጆቿን ጉንጮቿ ላይ አድርጋ ሳቀች፣ ሚጢ ከስንት ወር ወዲህ ያልሰማችውን ሳቅ። ያው እሱ ነው ልኬ? ይህን ሁሉ ዞረን እዚያው? ብላ ተነስታ አቀፈቻት፤ ግንባሯን ሳመቻት። ነገ በጠዋት እሄዳለሁ አለች። እንግዲህ ነገሩ ያለቀ መሰለ፤ ሚጢ የፈለገችው ይኸው አልነበረም? ግን እትዬ ስልኳን ታነሳ ጀመር። «ለመምህርቷ ልንገራቸው» አለች። «የእህታቸው ልጅ ይሄው ሕመም ነው ያላት። ጠዋት ስለ አንቺ ነግሬያቸው፣ እሷም የአንቺ ነገር እስኪለይ መርፌውን ታቆየው ተባብለን ነበር። አሁንማ የእሷንም ሥጋ ትይዢላታለሽ።»

ሚጢ ስልኩን ከእጇ ወሰደች። በታላቅ እህቷ ላይ እጇን ሰንዝራ የምታውቅ ልጅ አይደለችም፤ እትዬም ከመቆጣት ይልቅ ተገርማ አየቻት። በአፏ መናገር አልቻለችም። ወረቀቱን ከቦርሳዋ አወጣችና እዚያው እንደቆመች ሦስተኛውን ገጽ ጮክ ብላ አነበበች። ከዚህ ጥናት ለእርስዎ ሕክምና የሚውል ውጤት አይገኝም። የናሙናዎ ውጤት ለእርስዎም ሆነ ለሐኪምዎ አይነገርም። በማንኛውም ጊዜ ሐሳብዎን ቢቀይሩ ናሙናዎ እንዲወገድ መጠየቅ ይችላሉ። ሐኪምዎ ያዘዙልዎትን ሕክምና በዚህ ጥናት ምክንያት አያቋርጡ። የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ ውጤት እንደሌለ፣ አሁን ያለችውም ውሸት እንደሆነ፣ ጠዋት በመተላለፊያው ሆና ሁሉን እንደሰማች ተናገረች። 

እትዬ መሬት ከወደቀው ጨርቅ አንዱን አንስታ ጣቷ ላይ ትጠቀልለው ጀመር። ጠቀለለችው፣ ፈታችው፣ ጠቀለለችው። ሚጢ ብትሰድበኝ፣ ብትመታኝ ብላ ተመኘች። እትዬ በመጨረሻ በዝግታ ጠየቀቻት።

«ሌላ ሴትዮ ብሆን ኖሮ ታነቢልኝ ነበር?»

ሚጢ የምትሸሽበት አጣች። ለማታውቃት ሴት ቢሆን ነርሷን ትጠራ ነበር፤ ነርሷ ባትመጣ እንኳ አራቱንም ገጽ፣ ነጠላ ሰረዙን ሳይቀር ታነብላት ነበር። ለባዳ የምታደርገውን ለእትዬ ያላደረገችው እትዬ እምቢ ስለማትላት ነው።

«አዎ» አለች። «አነብላት ነበር።»

እትዬ ራሷን ነቀነቀች፤ ዋጋ ተነግሯት እንደተስማማች ዓይነት። ስልኬን መልሺልኝ አለቻትና ለመምህርቷ ደወለች። የጠዋቱ ወሬ ስህተት ነው፣ የእህትዎ ልጅ መርፌዋን እንዳታቆም፣ ዛሬውኑ ይንገሯት፣ ስህተቱ የእኔ ነው አለች። የእኔ ስትል ሚጢን አላየቻትም። ቀጥላም ነገ ጠዋት ሆስፒታል እንዲሸኟት በትሕትና ለመነቻቸው፤ እሺ ሳይሏት አልቀረም፣ መረቀቻቸው። ሚጢ ስልኩ እስኪዘጋ ጠብቃ እኔ አለሁ እኮ፣ ፈቃድ ወስጃለሁ፣ እኔ ነኝ የምወስድሽ አለች።

«አንቺ ሥራ ሂጂ» አለች እትዬ። ቁጣ የለበትም፤ ደንበኛ እንደምታናግርበት ድምፅ ነው። «የወሰዳችሁትንም አትድፉት። ለመምህርቷ የእህት ልጅ እንኳ ባይደርስ ለልጇ ይደርስ ይሆናል። ላንቺ ብዬ እንዳይመስልሽ።»

እጇን ዘረጋች፤ ሚጢ ወረቀቱን ሰጠቻት። እትዬ መብራቱ ሥር ተቀምጣ መነጽሯን አደረገችና ከአንደኛው ገጽ፣ ከመጀመሪያው መስመር ጀመረች። ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች፣ መስመሩን በጣቷ እየተከተለች ነው የምታነበው። እስከ ዛሬ ቤቱ የገባውን ከበድ ያለ ደብዳቤ ሁሉ ሚጢ ናት ያነበበችላት፤ ያልገባት ቃል ሲገጥማት አንገቷን ቀና አድርጋ «ይሄ ምን ማለት ነው?» ማለት ልማዷ ነበር። በገጹ መሃል ጣቷ ቆመ። ቃሉ የቱ እንደሆነ ሚጢ በቆመችበት ታውቀዋለች፤ ልትነግራት አፏን ከፈተች። እትዬ ቀና አላለችም። ቃሉን ሁለት ጊዜ ለራሷ አነበበችው፤ ከዚያ የስፌት ጠመኔዋን አነሳችና ነገ ሐኪሙን እንድትጠይቅ ከሥሩ አሰመረችበት።